የወይዘሮዋ ሁለተኛ ዓይን

ዓይን አፋር ሰው ካጋጠማችሁ አቀማመጡን ልብ በሉ። ካፌ ሲገባ ግድግዳ ይመርጣል። ሚኒባስ ሲሳፈር መስኮት ይመርጣል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ደግሞ የድንኳኑን ምሰሶ ተከልሎ ይቀመጣል። የትም ይሁን የት ፊቱን ሙሉ ለሰው አይሰጥም፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ በአንድ ዓይኑ ሰዉን በሌላው መውጫውን እየጠበቀ ነው የሚውለው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እንደ ዶሮ በጎን ነው የምታዪው» ትለኛለች። ዶሮስ ዓይኗ በጎን ስለተሠራ ነው። የኔ ፊት ለፊት ነው የተሠራው፤ ምክንያት የለኝም።

መጽሐፍ የወደድኩትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፍን የፈለጋችሁትን ያህል ብታፈጡበት መልሶ አያፈጥባችሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ አጠናሁ። ታሪክ ያጠና ሰው ባገራችን ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ያስተምራል፣ ወይ ይጨቃጨቃል። ለሁለቱም የሚሆን ድምፅ ስላልነበረኝ ደብረ ታቦር ከሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ተማሪዎቹ ግን «ቲቸር» ይሉኛል። ለነሱ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ቲቸር ነው። አላረምኳቸውም፤ ለማረም መናገር ያስፈልጋል።

ይኸን ሁሉ የምነግራችሁ ስለራሴ ማውራት ስለምወድ አይደለም። ስለ ፈተና ላወራችሁ ፈልጌ ነው፤ የፈተናው ነገር ደግሞ ካቀማመጤ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

የጥንት ሰዎች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ ነበር። አሁን አሁን ከመማርም መፈተን ቀድሟል። ያለፉት ዓመታት እኛ ዘንድ እንዴት እንደነበሩ ለናንተ መተረክ አያስፈልገኝም፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ይከርማል፣ ተከፍቶ ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ጉም ብቻ ነው ያለ ፈቃድ ሲገባና ሲወጣ የኖረው። በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ቀን ያልቀረ ነገር ቢኖር ፈተና ነው። መጽሐፍ አይደርስም፣ መምህር አይደርስም። ፈተና ግን መንገድ አይዘጋበትም።

እናንዬ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የመጣችው እንዲህ ባለ ዓመት ነው። የገሳይ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትሆን ከሁለት የገሳይ ልጆች ጋር ደብረ ታቦር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ዓርብ ሚኒባስ ከተገኘ አገሯ ትገባለች፣ ሰኞ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ያሳደጓት አያቷ አለቃ ፈንታ ናቸው። አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ፋርጣ ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት ደብር ጥቂት ነው። እናንዬ ቀለም እየበጠበጠች፣ መሰላል እየያዘች ነው ያደገችው። እጇን አይቼዋለሁ፤ ደብተሯ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የምትስላቸው ሰዎች ከገጹ ተነሥተው ውሃ ሊጠይቋችሁ ይደርሳሉ። ነገር ግን በኛ አካባቢ ሴት ልጅ የቤተ መቅደስ ግድግዳ ስትስል እኔ አላየሁም፤ አለቃም አላዩም። «ቀለም በጥብጪ» ይሏታል፤ «ብሩሽ አንሺ» ብለዋት አያውቁም። ክፋት የለባቸውም። ያላዩትን ከየት ያምጡት?

አንድ ቀን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የውጭ ትምህርት ቤት የላከው ነው። ሥዕል ለሚችል ልጅ ውጭ አገር ኮሌጅ ነፃ ቦታ አለ፤ ቦታውን ለማግኘት ግን በሁለተኛ ደረጃ ከሚሰጡት ፈተናዎች ከፍ ያለውን፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚባለውን ማለፍ ያስፈልጋል ይላል። ደብዳቤውን ሁሉም እያየው አለፈ። ያነበበችው እናንዬ ብቻ ናት። በረረች ወደ እኔ።

«ቲቸር፣ ሥዕል ታሪክ አለው እንዴ?»

«አለው» አልኳት። «ሁሉም ነገር ታሪክ አለው። ፈተናም አለው።»

የአገር አቀፉን ፈተና ስንቱ እንደሚያልፈው ታውቃላችሁ። ለእናንዬ የተከፈተው በር የሥዕሉ ፈተና ብቻ ነበር፤ ካላለፈች ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም በጥባጭ ሆና ልትቀር ነው። ይኸን እሷም ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ እኔ ራሴ አስጠናታለሁ አልኩ። እንዴት እንዳልኩት ዛሬም ይገርመኛል። ዓይን አፋር ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል፤ አሥር ዓመት ዝም ይልና አንድ ቀን የማይችለውን ይናገራል።

መጽሐፉን ባሕር ዳር ያለች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በፍላሽ ላከችልኝ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰይድ ነው ያተመልን። ባለ ቀለም ማተሚያ አለው፤ ቀለሙ ግን አልቋል።

«ቀለሙ ባሕር ዳር ነው» አለኝ። «መንገዱ ደግሞ…» ብሎ እጁን አወዛወዘ። መንገዱ ምን እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ አልጨረሰውም።

በጥቁርና ነጭ አተመልን። የግሪኮቹ ራቁት ሐውልቶች ሲወጡ እያንዳንዱን ወረቀት ፊቱን ወደ ታች እየደፋ ይደረድር ጀመር።

«እኅቴ፣ ይኸ የምን ትምህርት ነው?»

«የውጭ።»

«እሱንማ አውቄያለሁ» አለና አዲስ የወጣውን ደፋው።

እንዲህ ሆነና የዓለም ሥዕል ሁሉ ግራጫ ሆኖ ደብረ ታቦር ገባ። እናንዬ ሥዕሎቹን እየቆረጠች በብስኩት ካርቶን ላይ ለጠፈቻቸው፤ ከጀርባ ስማቸውን፣ ዘመናቸውንና ያላየችውን ቀለማቸውን ጻፈች። «ካባው ሰማያዊ ነው። ሰማዩ ወርቃማ ነው። ጫማዋ ቀይ ነው።» እንደ ዳዊት ደገመቻቸው። ዝናብ የቤተ መጻሕፍቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ እኔ ካርቶን አነሣለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፤ ስላላየነው ቀለም ሁለት ሰዎች እርግጠኛ ሆነን እንውላለን። ብዙው ትምህርታችን እንዲህ አይደለም ትላላችሁ?

አንድ ዓርብ ካርቶኖቹን ይዛ ገሳይ ሄደች። ሰኞ ስትመለስ ካርቶኖቹ ቀለም ገብተዋል። አለቃ ናቸው። ልጃቸው በግራጫ ሥዕል ስትደክም ቢያዩ አሳዘነቻቸውና ቅዳሜ ተቀምጠው የሮምን፣ የግሪክን፣ የግብፅን ሰው ሁሉ ካባውን ቀይ፣ ሰማዩን ቢጫ፣ ሣሩን አረንጓዴ አድርገው ሲያለብሱ ዋሉ። የሰይድ ሐውልቶችም ነጠላ አግኝተዋል። እስከዚህ ድረስ ሳቅሁ።

ከዚያ ወይዘሮዋን አየኋት።

ወይዘሮዋ የጣሊያን ባለጠጋ ሚስት ናት። ሠዓሊው ፊቷን በጎን ነው የሳላት፤ ረጅም አንገት፣ ወደ ላይ የተሠራ ጸጉር፣ ወደ ፊቷ የምታይ አንዲት ዓይን። አለቃ ከአፍንጫዋ ማዶ ጉንጭ ጨምረውላት ጉንጩ ላይ ሁለተኛ ዓይን አስቀምጠዋል። ዓይኑ ትልቅ፣ ክብ፣ ጥቁር፣ እንደ መልአክ ዓይን የነቃ ነው። ሴትዮዋ በአንድ ዓይኗ ወደ ጎን፣ በሌላው ቀጥታ ወደ እኔ ታያለች። በዚያው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ውስጥ አንድ የቅርብ ዘመን ሠዓሊ እንዲሁ አድርጎ ዓለም አጨብጭቦለታል። አለቃ ግን ገሳይ ነበሩ።

«ምንድን ነው ይኸ?» አልኳት።

«አባባ ናቸው» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች። «‹ይቺ ሴት ምን አድርጋ ነው?› አሉኝ። ‹ምንም፤ በወሊድ የሞተች ሴት ናት› አልኳቸው። ‹በወሊድ ሞታ ደግሞ በአንድ ዓይን?› ብለው አዘኑላት።»

ቤተ ክርስቲያን የምትስሙ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል። በኛ ሥዕል ቅዱሱ ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፣ ከሁለት ዓይኑ ጋር። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታቱ ገራፊዎች ግን በጎን ይሳላሉ፤ አንዲት ዓይን ብቻ ትሰጣቸዋለች። ማንም ምእመን ፊደል ሳይቆጥር ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። አለቃ ወይዘሮዋን ያዩት በዚህ ዓይን ነው፤ ያለ ኃጢአቷ የተፈረደባት መስሏቸው ይግባኝ አሉላት።

ሳቄ ግን ወዲያው ጠፋ። የእናንዬን የልምምድ መልሶች ሳገላብጥ እሷም እንዲሁ ስትፈርድ መክረሟን አየሁ። ስለ ግብፁ ንጉሥ ሥዕል «ሠዓሊው ንጉሡን በልቡ ይጠላው ነበር» ብላለች። በሳንቲም ላይ ስለተቀረጸው የሮም ገዥ ደግሞ «ሕዝቡ ክፋቱን እንዲያውቅበት በጎን ተደረገ»። ቀዩን እስክሪብቶዬን አነሣሁ። በሰው ፊት የማልናገረውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ እናገራለሁ። «የቤተ ክርስቲያን መልስ አትጻፊ!» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ አስረዳኋት፤ በነሱ አገር በጎን መሳል ክብር ነው፣ ከነገሥታት ሳንቲም የመጣ ነው፣ ይኸንን ጻፊ አልኳት።

እናንዬ ለረጅም ጊዜ ቀዩን ጽሑፍ አየችው።

«ቲቸር፣ እነሱ የሚፈልጉት የማውቀውን ነው ወይስ ያጠናሁትን?»

«ያጠናሽውን።»

«የማውቀውንስ?»

«የምታውቂውን ገሳይ ተዪው» አልኳት።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

አልበቃኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሴ ገሳይ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ በድንች ጆንያ ታጅቤ። አለቃ ከቤታቸው ደጅ የአቡጀዲ ጨርቅ ወጥረው ለአንድ ደብር ግድግዳ የሚለጠፍ የጸሎተ ሐሙስ እራት ይስሉ ነበር። ሐዋርያቱ ሁለት ሁለት ዓይናቸውን ይዘው በማዕዱ ዙሪያ ተሰልፈዋል፤ ከጠርዙ አንድ ሰው በጎን ሆኖ እጁን ወደ ወጭቱ ዘርግቷል። በርጩማ ሰጡኝ። እንደ ልማዴ ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«ምነው ልጄ» አሉ አለቃ፣ ብሩሻቸውን ሳያነሡ፣ «እንደዚህ እንደ ጠርዙ ሰውዬ በጎን ትቀመጫለሽ? ምን ሸጥሽብን?»

እናንዬ በቤቱ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«እየቀለድኩብሽ ነው። ደግሞ በጎን ያለ ሁሉ በጎን አይቀርም። ፈያታዊ ዘየማንን ታውቂው የለ? ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲዘርፍ ኖሮ እኛ በሁለት ዓይን ነው የምንስለው። በመጨረሻዋ ሰዓት ዞር ብሎ እውነቱን ተናገረ፤ ሁለተኛ ዓይኑን ያን ጊዜ አገኘ። መዞር ነው ልጄ ነገሩ።»

እኔ ግን ለስብከት አልነበረም የሄድኩት። እየተንተባተብኩ፣ ካርቶኖቹን ቀለም እንዳይቀቡ፣ በተለይ ዓይን እንዳይጨምሩ፣ ልጅቷም ስለ ዓይን ነገር ከሳቸው ጋር እንዳታወራ፣ መልሷ እየተደባለቀባት መሆኑን ነገርኳቸው። አለቃ ብሩሹን ውሃው ውስጥ አስቀመጡት። ሽማግሌ ሰው በልጅ ፊት ሲያፍር ማየት ከባድ ነው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ። «ለደግ ብዬ ነበር። እንግዲህ ለፈተናው የሚበጀውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ አልነካም።»

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በሕይወቴ አንድ ሰው ፊት ለፊት ተናግሬ ያሸነፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለውን ተረት ግን ያን ቀን አላስታወስኩትም። ወይዘሮዋን አዲስ አሳትሜ፣ ባለ ሁለት ዓይኗን ካርቶን መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኳት።

ፈተናው ግንቦት ላይ ነበር፣ አዲስ አበባ። እናንዬን አጎቷ ይዟት ሄደ። ሐሙሲት ላይ መኪና ቆሞ ግማሽ ቀን ዋሉ፤ ባሕር ዳር አድረው በማግሥቱ ተሻገሩ። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስትቆም ፊቷን አይቼ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። እንዲህ ናት፤ ሰው ሁሉ ላይ ዓይን ትስላለች፣ የራሷን ትደብቃለች።

«ካርቶኖቹ ሁሉ መጡ» አለችኝ። «ወይዘሮዋም መጣች። ከነአንድ ዓይኗ።»

«እሰይ!»

«ከዚያ መጨረሻ ላይ ረጅሙ ጥያቄ ነበር። ብዙ ነጥብ ያለው። አይታችሁ የማታውቁት ሥዕል ነው ይላል። ሠዓሊው የሰዎቹን ማንነት በአሳሳሉ እንዴት እንዳሳየ አብራሩ ይላል።»

«ምን ዓይነት ሥዕል?»

እናንዬ ወደ መስኮቱ አየች። ጉሙ እስከ ግቢው አጥር ድረስ ወርዷል።

«የኛ ነው ቲቸር። ጸሎተ ሐሙስ። አባባ የሣሉትን ነው የሚመስለው። ሐዋርያቱ ፊት ለፊት ናቸው። አንዱ ጠርዝ ላይ በጎን ሆኖ እጁን ወጭቱ ላይ ዘርግቷል።»

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጮክ ብሎ መናገርን የምከለክል ሰው ነኝ። ያን ቀን የጮህኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ! በዓለም ላይ ያንን ጥያቄ ካንቺ በላይ የሚመልስ ማን ነበር? ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«እንደ ሳንቲሙ። በጎን የተሳለው የክብር ሰው ነው፣ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ገዥ መሆን አለበት ብዬ።»

«ይሁዳን?»

«ይሁዳ መሆኑንማ አውቄዋለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለኔ ያፈረችልኝ ይመስል። «‹የምታውቂውን ገሳይ ተዪው› ብለውኝ ነበር።»

ክስ አልነበረም። ክስ ቢሆን ኖሮ መልስ እፈልግ ነበር። እንዲያው ጠየቁኝ ነገርኩዎት ዓይነት ነው። ከዚያ ካርቶኖቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው፣ የተዋሰውን መጽሐፍ እንደሚመልስ ተማሪ፣ በሥርዓት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሁልጊዜ ጥፋቱ የዓባይ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንድ ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ «ይኸ ለመጠጥ አይሆንም፣ ቀድቼ አመጣልሃለሁ» ብሎት ይሆናል። ያ ሰው መጽሐፍ አንባቢ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ፣ ኔትወርክ ለአንድ ቀን ብቅ ብሎ በጠፋበት ቀን መጣ። በጥቂት ነጥብ ወደቀች። ያቺ አንዲት ጥያቄ ብትመለስ ኖሮ ታልፍ ነበር። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ ዳግመኛም ደብዳቤ አልተለጠፈም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃ ፈንታ ራሳቸው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ። ጋቢያቸው ጉም ጠጥቶ ከብዷል። ዘንጋቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን ደጋግመው ጠርገው ገቡ፤ ቤተ መቅደስ የሚገቡ ይመስል። ወንበር ሰጠኋቸው። እኔም ተቀመጥኩ። እንዴት እንደተቀመጥኩ መናገር አያስፈልገኝም።

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁ» አሉ። «ልጅቷ ሁሉን ነግራኛለች። ‹ቲቸር ደክመዋል፣ እኔ ነኝ ያላጠናሁት› አለችኝ። እኔም ተቆጣኋት። ልፋትሽን ከንቱ አደረገችብሽ፤ ይቅርታ አድርጊላት።»

አፌን ከፈትኩ። እዚያ ላይ፣ ወንበሩና ወንበሩ መሃል ባለችው አንድ ክንድ ቦታ፣ እውነቱ ቁጭ ብሎ ነበር። ልጅቷ አጥንታለች አለቃ። ልጅቷ ያወቀችው ከርስዎ ነው፣ ያስረሳኋት እኔ ነኝ። የርስዎን ዓይነት ሥዕል ውጭ አገር ድረስ ወስደው ለፈተና ሲያቀርቡት፣ ልጅዎን ስለሱ እንዳትናገር አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይኸን ለማለት ዞር ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ደህና ይግቡ አለቃ» አልኩ፣ ለመስኮቱ።

እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ሰው ሲረግማችሁ መሄጃ አለው፤ በረከት ባልተገባችሁበት ሲያርፍ ግን የት ታስቀምጡታላችሁ? እኔ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ከወይዘሮዋ ጋር። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ያቺ የአለቃ ዓይን ቀና ብላ ታየኛለች። እኔ እስክሪብቶ ብቻ ፈልጌ ነው የከፈትኩት።

እናንዬ የአገር አቀፉም አልሆነላትም። ገሳይ ግን አልገባችም፤ አያቷ ቀለም በጥብጪ ማለታቸውን ትተው ነበር፤ አላጠናሁም ማለቷን አምነው ዝም ይሏት ጀመር። እዚሁ ደብረ ታቦር የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመረች። የጎማ ቤት፣ የዱቄት ቤት፣ የሰይድን ፎቶ ኮፒ ቤት ሳይቀር። ቅዳሜ ለታ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ መሰላል ላይ ቆማ አየኋት፣ በአንድ አዲስ የሴቶች ጸጉር ቤት በር ላይ። ሁለት ሴቶች ሥላለች። ከሥራቸው ጽሑፍ የለም። በግራ ያለችው ጸጉሯ የተንጨባረረ፣ በጎን የተሳለች፣ ባለ አንድ ዓይን ናት። በቀኝ ያለችው ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ፊቷን ሙሉ ወደ መንገዱ መልሳ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿን ከፍታለች። ገበያ የዋሉ ሁለት እናቶች ቆመው አዩዋትና አንዷ ሌላዋን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «የግራዋስ አንቺን መስላለች፤ ኧረ ግቢና ተሠሪ!» ተሳስቀው አለፉ።

ማንም አላስረዳቸውም። ፈተናው ሁሉም የሚያልፈው ሆኖ አረፈው።

«ቲቸር!» አለችኝ እናንዬ ከላይ። «እስቲ ወደዚህ ይዙሩ።»

«ለምን?»

«ፊትዎን ሙሉ አይቼው አላውቅም እኮ። ዓመት ሙሉ አብረን ቁጭ ብለን።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። ዞርኩ ወይስ አልዞርኩም፣ እሱን እሷን ጠይቋት። ከኋላዬ የገሳይ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ሾፌሩ በመስኮት ይጣራል፤ «ገሳይ! ገሳይ! አንድ ሰው ነው የጎደለ! አንድ ሰው!» ይላል። ገሳይ አለቃ አሉ፤ የሚያዝኑባት ልጅ አጥንታ እንደነበረ የማያውቁ። ነፃው ቦታ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ጥፋቱ የማን እንደነበር አለቃ ቢያውቁ ምን ይለዋል? እግሬ ከኔ ቀድሞ ተራመደ።

በሩ ሲከፈት የጎደለው ቦታ የቱ እንደሆነ አየሁ። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሞተሩ ላይ ያለችው መቀመጫ ናት፤ ወደ ኋላ ዞረው፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የሚቀመጡባት። መስኮት የላትም። ጎን የላትም። አሥራ ምናምን ሰው፣ ከነዓይኑ፣ እስክቀመጥለት ይጠብቃል።

«ትገቢያለሽ አትገቢም?» አለ ሾፌሩ።

ገባሁ።